ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከአሜሪካ መጥታ ገናን በላሊበላ፣ ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር ስለት አለባት። ጉልበቷን ስለሚያማት ጉዞውን አስቀድሜ ላሰላ ብዬ ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ሳጣራ፣ አንዱ ገጽ 97፣ ሌላው 179 አለኝ፤ አንድ የማውቀው ሾፌር ደግሞ «ከ300 በላይ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የትኛውን ልመን?

ካርታ ወዳድ፦
ሦስቱም ልክ ናቸው። 97 የተባለው በኖቲካል ማይል ሲሆን፣ አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሲባዛ ያው 180 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል፤ ይህም በካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው ቀጥታ መስመር ነው። ሾፌሩ የነገርዎት ግን የመኪናውን መንገድ ነው። የተለመደው መንገድ ከላሊበላ ወደ ደቡብ ተጉዞ ጋሸና ከወጣ በኋላ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ነፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ላይ ይደርስና፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን ታጥፎ በአዲስ ዘመን በኩል አዘዞ ይገባል። ርቀቱን ወደ እጥፍ የሚያደርሰው ይህ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

የላስታ ልጅ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የከተማ ለከተማ ርቀት ነው። የላሊበላው ማረፊያ ግን ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሽምሽሃ ሜዳ ላይ፣ በጋሸና አቅጣጫ ይገኛል፤ የጎንደሩም አፄ ቴዎድሮስ ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ፣ በአዘዞ በኩል ነው። ስለዚህ ከማረፊያ ማረፊያ ሲታሰብ የመኪናው መንገድ በሁለቱም ጫፍ ያጥራል።

በመኪና ከሆነ ለእናትዎ ጋቢ አይርሱ። ከሽምሽሃ ሙቀት ተነስቶ ጋሸና ደርሶ ለሻይ የወረደ ሰው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው የሚጠጣው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳትዎ በፊት በአካባቢው ካለ ሰው ይጠይቁ።

ተመላላሽ መንገደኛ፦
እኔ ግን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የበረራ ሰሌዳውን ባይ እመርጣለሁ። ቀጥታ በረራ ካለ አየር ላይ የሚቆዩት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከሌለ በአዲስ አበባ በኩል መዞር ግድ ይሆናል፤ ከላሊበላ አዲስ አበባ 330፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለ180 ኪሎ ሜትር ሲሉ 750 ይበርራሉ ማለት ነው። ያም ሆኖ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው፣ አዲስ አበባ ላይ የሚኖረው ቆይታ ካልረዘመ፣ ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ ተጣጥፎ ከመዋል ይሻላል ባይ ነኝ። በበዓል ሰሞን መቀመጫ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድመው ይቁረጡ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ይህን ሳነብላት «ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን እያለ ምን ያጣድፈናል?» አለችኝ። ቀጥታ በረራ ካጣን በመኪና ሄደን ደብረ ታቦር እናድራለን። ሾፌሩንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።