ፎቶሾፕ ላይ «ሬንደር ቪዲዮ» የሚለው ከነጭራሹ ጠፋ፤ የሰርግ ጥሪው ነገ ማታ ይፈለጋል

ሰኞ ገበያ ፎቶ፦
ሰላም ወገን። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽን፣ አልፎ አልፎ ባነር። ከአምና ወዲህ ግን እንጀራዬ በቴሌግራም የሚላክ የሰርግ ጥሪ ሆኗል፤ የሙሽሮቹ ስም ቀስ እያለ የሚመጣባት፣ 20 ሰከንድ የማትሞላ ቪዲዮ። «ስልክሽ ላይ ካፕከት (የቪዲዮ መሥሪያው አፕ) የለም ወይ?» እንዳትሉኝ፣ አለ። ግን የአማርኛ ጽሑፉ እዚያ ላይ እንደምፈልገው አይሆንልኝም። እኔ ፊደሉን ፎቶሾፕ ላይ አንድ በአንድ አቀራርቤ፣ ወርቃማ ቀለምና ጥላ ሰጥቼ ነው የምሠራው። ደንበኛ ሰኞ ገበያ ድረስ የሚመጣልኝም ለዚያ ነው።

አሮጌው ኮምፒውተሬ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ተቃጠለ። ያገለገለ ገዛሁ፣ ራሙ 4 ጊጋ። አንድ ልጅ ዊንዶውስ 10 ጫነልኝና ፎቶሾፑን ከፍላሹ ገልብጦ «ይኼ መጫን አያስፈልገውም፣ ክሊክ አድርገሽ መክፈት ነው» ብሎኝ ሄደ። እውነትም ይከፈታል። ሁለት ቀን ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሠራሁበት፣ ምንም አላለኝም። ትናንት ማታ የድሮውን የጥሪ ፋይል ከፍቼ ስሞቹን ቀይሬ፣ ፋይል ከዚያ ኤክስፖርት ብል «ሬንደር ቪዲዮ» የሚለው፣ ሥራውን ቪዲዮ አድርጎ የሚያወጣው መስመር የለም። ደብዝዞ ቢሆን እኮ ደግ ነበር፤ ጭራሹን የለም። የሙሽራዋ ወንድም ከኩታበር ሦስት ጊዜ ደውሏል። ምን ላድርግ?

ፒክስል በፒክስል፦
ወንድሜ አብሽር። ሜኑው ተደብቆ ይሆናል። ኤዲት ውስጥ «ሜኑስ» የሚል አለ፤ እዚያ ገብተህ ፋይል የሚለውን ዘርጋና የዓይኗ ምልክት ጠፍታ እንደሆነ እይ። አንዳንድ ዎርክስፔስ (የፎቶሾፑ ገጽ አደራደር) የማይፈልገውን መስመር ይደብቃል።

ሰኞ ገበያ ፎቶ፦
እህትህ ነኝ። አየሁት፤ ዓይን የሚበራበት መስመሩ ራሱ እዚያም የለም።

የጦሳ ልጅ፦
ኩዊክታይም የሚባለውን የአፕል ቪዲዮ ማጫወቻ ጫኚ። እኔ በድሮው ፎቶሾፕ፣ ሲኤስ6 እያለሁ የቪዲዮ ነገር እምቢ ሲለኝ በእሱ ነበር የተፈታው። ካልሆነ ጂአይኤፍ (የሚንቀሳቀስ ምስል) አድርገሽ አውጪው፣ ሴቭ ፎር ዌብ አይጠፋም።

ቦርከና ዳር፦
ኩዊክታይሙ ይቅር። አፕል የዊንዶውሱን በ2016 ትቶታል፤ የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ እያለበት ነው የቀረው። ጂአይኤፉም አንድ ፍሬም ላይ ከ256 ቀለም በላይ አይዝም። ያ ወርቃማ ጽሑፍ የተቦጨቀ ነው የሚመስለው፣ የሙሽራዋ ፊትም እንደዚያው።

እህቴ፣ ሄልፕ ከዚያ «ሲስተም ኢንፎ» በይና ፎቶሾፕሽ 32 ቢት ይሁን 64 (በአንዴ የሚያስተናግደው የመረጃ ልክ ነው) ንገሪኝ። ስሪቱንም።

ሰኞ ገበያ ፎቶ፦
ሲሲ 2015 ይላል፣ 32 ቢት። ዊንዶውሱም 32 ነው መሰለኝ።

ቦርከና ዳር፦
እንግዲያው ምንም አልጠፋብሽም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ፎቶሾፕ ሲሲ በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ የቪዲዮ ሥራ አይደግፍም፤ አዶቤ ራሱ በመስፈርቱ ላይ ጽፎታል። ራም 4 ጊጋ ሲሆን ብዙ ሰው «ይቀለዋል» ብሎ 32ቱን ይጭናል። ለጉርድ ፎቶ አይታወቅም፣ ለአንቺ ግን ይኸው።

ሁለተኛ ነገር፣ ከፍላሽ የሚገለበጠው ፖርተብል የሚባለው ነው። እንዲያንስ ሲባል ሰዎች የቆራረጡት ነው፤ ቪዲዮ የሚያወጣው ክፍል ደግሞ ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ስለዚህ 64 ቢቱን በፖርተብል ብታገኚም መስመሩ ኖሮ ስትጫኚው ስህተት ሊልሽ ይችላል። ማን ምን ጨምሮበት እንደሆነም አይታወቅም፤ የደንበኛ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ላይ እኔ አላስገባውም።

ለዛሬ ግን ፎቶሾፑን ለጽሑፉ ብቻ ተጠቀሚበት። ፋይል ውስጥ፣ ስክሪፕትስ ወይም ኤክስፖርት ከሚሉት ሥር «ሌየርስ ቱ ፋይልስ» የሚለውን ፈልገሽ ፒኤንጂ 24 የሚለውን የምስል ዓይነት ምረጪ። እያንዳንዱ ሌየር (ንብርብር) ከጀርባው ባዶ ሆኖ ለየብቻ ይወጣል። በቴሌግራም ወደ ስልክሽ ስትልኪው በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪው፤ በፎቶ ከላክሽው ባዶው ጀርባ ይጠፋል። ከዚያ ካፕከት ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበሽ እንቅስቃሴውን እዚያ ስጪው። ፊደልሽ እንዳለ ነው የሚሄደው።

ሰኞ ገበያ ፎቶ፦
ወጣልኝ! ግን የሙሽራውም የሙሽራዋም ስም፣ የአዳራሹም አድራሻ፣ ሁሉም መሀል ላይ ገዝፎ ተከመረ። ቦታ ቦታውን በጣቴ እየጎተትኩ ሳስተካክል አንድ ሰዓት ሆነኝ። እንዲህ ከሆነ በእጄ ጽፌ ብበትነው ይሻላል።

ፒክስል በፒክስል፦
እህቴ (አሁን አልሳሳትም) «ትሪም ሌየርስ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ አይደል? አጥፊው። እሱ በሌየሩ ዙሪያ ያለውን ባዶ ቦታ ይቆርጠዋል። ሲጠፋ ሁሉም በሸራሽ (በሙሉው ገጽ) ልክ ሆኖ ይወጣል፤ ስትደርቢው ራሱ ቦታው ላይ ይቀመጣል።

ቦርከና ዳር፦
እሱን ረስቼው ነው፣ አፉ በዪኝ።

የጦሳ ልጅ፦
ከፎቶሾፕ መላቀቅ ለምትፈልጉ ጂምፕ የሚባለውን የምስል ፕሮግራም አትሞክሩ፤ ያው ጂአይኤፍ እንጂ ኤምፒ4 (ቪዲዮ ፋይል) በራሱ አያወጣም። ክሪታ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ያወጣል፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ካገኘ። ነፃ ነው።

ሰኞ ገበያ ፎቶ፦
ሄደ! ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሼ ለኩታበሩ ልጅ ላክሁለት። «ስሟ ላይ ያለው ብልጭታ ከበፊቱ ያምራል» አለኝ፤ እሱ የካፕከት ነው፣ አልነገርኩትም።

ግን በጥር ሌሎች አምስት ጥሪዎች አሉኝ፣ እንዲህ እየደረብኩ አልዘልቅም። ኮምፒውተሩ 64 ቢት ይችል እንደሆነ በምን ልወቅ? ልጁ «አሮጌ ነው አይችልም» ብሎኝ ነበር።

ቦርከና ዳር፦
ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት። «ሲስተም ታይፕ» ከሚለው ፊት ለፊት ሁለት ነገር ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ዊንዶውሱ ነው፣ ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ። ሁለተኛው ኤክስ64 (64 ቢት ማለት ነው) ካለ ይችላል። ዊንዶውሱን ግን እንዳለ ማሳደግ አይቻልም፣ እንደ አዲስ ነው የሚጫነው፤ ስለዚህ የደንበኞችሽን ፎቶ መጀመሪያ ወደ ዲስክ ገልብጪ። ራሙንም ከቻልሽ 8 አድርጊው፣ በ4 ቪዲዮ ማውጣት እንደ ሐረጎ ዳገት ነው።

ሰኞ ገበያ ፎቶ፦
«ኤክስ64» ይላል! አሁን እየገለበጥኩ ነው፣ 210 ጊጋ ወጣ፣ የሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶ። ወደ ደሴ ስትወጣ ሰኞ ገበያ ጎራ በል፣ ቡና ጀባ እንልሃለን። ራም ይዘህ ብትመጣም አልጠላም።