ለእድራችን የሚነበብ ወረቀት፦ እንደ ማርበርግ ያለ በሽታ ዳግም ቢመጣ ምን እናድርግ?

ጸሐፊዋ ከታቦር ሥር፦
ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ያለው እድራችን ጸሐፊ ነኝ። ኅዳር 5 ቀን 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱ ሲነገር ሰፈራችን ተረብሾ ነበር። ወደ ደቡብ የሚወጣ የሚወርድ ዘመድ የሌለው ቤት የለማ። ጥር 18 ወረርሽኙ ማብቃቱ ሲታወጅ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተረሳ። እኔ ግን ሊረሳኝ አልቻለም።

በስብሰባችን ላይ ሳነሳው የእድሩ ዳኛ «አንድ ገጽ ጻፊና ይነበብ» አሉኝ። አንዳንዱ በእድሩ ገንዘብ ማስክ ይገዛ ይላል። አንድ አዛውንት እንደ ኅዳር 12 ሰፈሩን ማጠን ይበቃል ብለው ተከራከሩ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሰው ሲሞት አስከሬኑን አጥበው የሚገንዙ እናቶች አሉን፤ አንዷ አማቴ ናቸው። ጓንት አድርገው አያውቁም። «ሰው እንዴት በላስቲክ እጅ ይሸኛል?» ይላሉ። ምን ብዬ ልጻፍላቸው? የሕክምና ሰው ካለ እባካችሁ።

ነርሷ ከሐይቅ ዳር፦
እህቴ፣ ከማስኩም ከጭሱም በፊት የእነዚያ እናቶች እጅ ይቀድማል። ማርበርግ እንደ ኮቪድ በትንፋሽ አይዛመትም። የሚተላለፈው በታመመ ወይም በሞተ ሰው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥና ምራቅ፣ እነዚህ በነኩት አንሶላና ልብስም ጭምር ነው። ኅዳር 12 የሚታጠንለት የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ቆሻሻ መሰብሰቡ ለሰፈሩ ጽዳት ይበጃል፤ ጭሱ ግን ይህን ቫይረስ አይነካውም።

በሽታው ከ2 እስከ 21 ቀን ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሰውየው ለሌላ አያስተላልፍም። ማስተላለፍ የሚጀምረው ሕመሙ ሲጀምረው ነው፤ ሕመሙ በጠና ቁጥር ቫይረሱም እየበዛ ይሄዳል። አስከሬን ላይ እጅግ ብዙ ነው። እናቶቹ የሚያጥቡት እንግዲህ ቫይረሱ በበረታበት ሰዓት ያለን ገላ ነው። ማብቃቱን ለማወጅ 42 ቀን የሚጠበቀውም ያቺ 21 ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጥራ ነው።

አጀማመሩ ያሳስታል፤ ብርቱ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። እኛ አገር ይህን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወባ ወይም ታይፎይድ ስለሆነ ትኩሳት የያዘው ሁሉ አይደንግጥ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ወረርሽኝ በተነገረ ሰሞን ግን ከየት እንደመጣ፣ የማንን ለቅሶ እንደደረሰ ሳይደብቅ ይናገር። ይህን ያልሰማ ሐኪም ወባ ነው ብሎ ሊሸኘው ይችላል። ፈቃድ ያገኘ ክትባትም ሆነ መድኃኒት ባይኖረውም፣ ፈሳሽ እየተተካለት ማልዶ የታከመ ሰው የመዳን ዕድሉ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሩዋንዳ ውስጥ ከተያዙት 66 ሰዎች የሞቱት 15 ነበሩ፤ በቀደሙት ወረርሽኞች በአማካይ ግማሽ ያህሉ ይሞት ነበር።

ለአማትሽ «ተዉት» ብቻ አትበያቸው። ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ በትኩሳት ታሞ የሞተን ሰው ማንም ሳይነካ 8335 ወይም 952 ይደወልና የሠለጠኑት ይምጡ። ጸሎተ ፍትሐቱ አይቀርም፤ ቤተሰቡ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያለቅሳል፤ መስቀሉን ከሣጥኑ ጋር እንዲያኖሩለት ሠራተኞቹን ሊጠይቅም ይችላል። በደኅናው ጊዜም ቢሆን እናቶቹ ጓንት ይልመዱ። የእድሩ ገንዘብ ለእሱና ለሳሙና ይዋል።

ኑር፦
በእኛም ዘንድ ጀናዛ ማጠብ ግዴታ ስለሆነ ጥያቄው ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ቀብር ባወጣው መመሪያ ላይ ትጥበቱ በተየሙም፣ ማለትም ውሃ ሳይነካ በንጹሕ አፈር በሚደረግ መንጻት፣ ሊተካ እንደሚችል ሰፍሯል። ይህም ገጹ ላይ ይግባ፤ በእድራችሁ ሙስሊም ጎረቤቶች አይጠፉምና።

የባጃጅ ሹፌር፦
ሰው ለምን እንደሚደብቅ እኔ ልንገራችሁ። በኮቪድ ጊዜ ለይቶ ማቆያ ገብቼ ነበር። ባጃጇ ቆመች፤ የዕለት ገቢዬም አብሮ ቆመ። ቡና አብረውን የሚጠጡ ጎረቤቶች በራችንን እየዞሩ ያልፉ ጀመር፤ ባለቤቴን ባለሱቁ ዱቤ ከለከላት። ለለቅሶ ንፍሮ የሚቀቅለው እድራችን በሕይወት ላለው አባሉ አንድ ኪሎ ዱቄት አላመጣም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ የ21 ቀን ክትትል ውስጥ የገባ አባል ቤት ጤፍ፣ ዘይትና ውሃ በሩ ላይ ይቀመጥለታል። ልጆቹ እንደማይራቡ ያወቀ ሰው ራሱ ደውሎ ይናገራል።

ጸሐፊዋ ከታቦር ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ የአንተ አንቀጽ ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ ስለሚያስፈልግ ለዳኛው ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። ነርሷ እህቴ፣ የበረኪናውስ መጠን እንዴት ነው?

ነርሷ ከሐይቅ ዳር፦
ባለ 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፤ ለወለልና ለዕቃ ነው። ለእጅ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የተበጠበጠው አድሮ ኃይሉ ስለሚደክም የተረፈው ይደፋና ጠዋት አዲስ ይበጥበጥ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ከ5 የተለየ ከሆነ ላኪልኝና አብረን እናሰላዋለን።