ርካሽ ነጥብ 22 ለጀማሪ፦ በእጅ የሚቀባበል ወይስ ከፊል አውቶማቲክ? ሕጉስ ይለያያቸው?

ጠያቂ፦ ዒላማ ተኩስ ልጀምር ነው። ኪሴ ብዙ ስለማይፈቅድ ነጥብ 22 (የጥይቱ ስፋት 0.22 ኢንች ገደማ የሆነ) ጠመንጃ ልገዛ አስቤያለሁ። አንዱ ከፊል አውቶማቲክ፣ ማለትም ከተኮሰ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚጎርሰውን፣ ግዛ ይለኛል። ሌላው በእጅህ እያቀባበልክ ተማር ይላል። ከፊል አውቶማቲክ ለጀማሪ ጭራሽ መፈቀድ የለበትም የሚሉም አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አሰልጣኝ፦ በእጅ የሚቀባበለውን ግዛ፣ አታመንታ። ጀማሪ ከፊል አውቶማቲክ ሲይዝ የመጀመሪያዋን ይስታል። እሷን ለማካካስ ሌላ ይለቃል፣ ደግሞ ሌላ። ካዝናው ያልቃል፣ የቱ ጋ እንዳጠፋ ግን አያውቅም። በእጅህ ስታቀባብል ግን ትንፋሽህን ትሰበስባለህ፣ ሰደፉን ትከሻህ ላይ ታስተካክላለህ። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰው ይኸው ነጥብ 22 ነው። 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እሷን በጥድፊያ የሚመታት የለም። ለጀማሪ አይፈቀድ የሚለውንም እደግፋለሁ።

የቆየ ተኳሽ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሩገር 10/22 የሚባለው ጠመንጃ ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ስንቱ ተኩስ የጀመረው በእሱ ነው። ካዝናው 10 ጥይት ስለሚይዝ የግድ 10 መሙላት አለብህ ያለው ማነው? አንድ አንድ እያጎረስክ አስተምረው! ደግሞ ግራኞችን አትርሱ። ማቀባበያው በቀኝ በኩል ሲሆን ግራኝ በየጥይቱ እጁን በጠመንጃው ላይ አሻግሮ ይታገላል። ብዙዎቹ ርካሽ ጠመንጃዎች ደግሞ የሚሠሩት ለቀኝ እጅ ነው።

የተኩስ ሜዳ ተቆጣጣሪ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ከፊል አውቶማቲክ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ይጎርሳል። ጀማሪው ካዝናውን ያወጣና ጠመንጃው ባዶ ይመስለዋል። አንዷ ግን ውስጥ አለች። የሚባርቀው እንዲህ ነው።

የከሸፈ ጥይትም አለ። የነጥብ 22 ማቀጣጠያ ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከትልልቆቹ ጥይቶች ይልቅ መክሸፍ ያበዛል። ቃታው ተስቦ ቀጭ ሲል ጀማሪ ምን ያደርጋል? «አልተኮሰም እኮ!» እያለ ወደ እኔ ይዞራል፣ አፈሙዙም አብሮት ይዞራል። መዞር የለም! አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዝክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ። ዘግይታ ልትተኮስ ትችላለች። ይህ ለሁለቱም ዓይነት ይሠራል።

በራሱ ገንዘብ የገዛ፦ ስለ ወጪው እኔ ልናገር። ዋጋ ስታወዳድሩ ጠመንጃውን ብቻ አትዩ፣ ገንዘቡን የሚበላው ጥይቱ ነው። ከፊል አውቶማቲክ ደግሞ ጥይት ያማርጣል። ጉልበቷ አነስ ያለች ጥይት ቀለሁን በደንብ ስለማታስወጣው ጠመንጃው ነክሶ ይቆማል። በእጅ የሚቀባበለው ያገኘውን ይተኩሳል። ቢሆንም በካርቶን ከመግዛታችሁ በፊት ከተለያየ ፋብሪካ ትንሽ ትንሽ ሞክሩ። አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ጥይት ሌላው ይበትነዋል።

ሕግ አጥኚ፦ አገሮችም በዚህ አልተስማሙም። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1988 ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን ስትከለክል ነጥብ 22ን ለይታ ትታዋለች። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ2019 ካዝናው ከ10 ጥይት ለማይበልጠው ነጥብ 22 ፈቀደች። አውስትራሊያ ግን እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ከፊል አውቶማቲኩን ነጥብ 22 ጥብቅ ምድብ ውስጥ አስገብታ በእጅ የሚቀባበለውን ቀለል ባለው ምድብ ተወችው። እኔ የአውስትራሊያውን እመርጣለሁ። «ትንሽ ናት» የሚለው ነገር ሰው ያዘናጋል። ይህቺ ትንሽ ጥይት ከ1.5 ኪሎሜትር በላይ ትሄዳለች። ድንጋይ ወይም ውሃ ከነካች ደግሞ ነጥራ የት እንደምትሄድ አይታወቅም።

የቆየ ተኳሽ፦ ውስጥ ስለምትቀረው ጥይት የተባለውን እቀበላለሁ፤ ለጀማሪ ያ ከባድ ነው። ሕጉ ላይ ግን አለቅም። ሩቅ መሄዷና መንጠሯ በሁለቱም ጠመንጃ ያው ነው፤ እሱ ከፊል አውቶማቲኩን ብቻ ለማጥበቅ ምክንያት አይሆንም። ሥልጠና ሳይወስድ ማንም አይግዛ በሉና ሁላችንም እንፈርም።

ጠያቂ፦ በእጅ የሚቀባበለውን እገዛለሁ። ከተረፈኝ አጉልቶ የሚያሳይ የጠመንጃ መነጽር ልጨምርበት ወይስ በራሱ ማነጣጠሪያ ልጀምር?

አሰልጣኝ፦ በራሱ ማነጣጠሪያ ጀምር። የተረፈህን ጥይት ግዛበት።