የወይን ሐረጌ ቢጫ ሆነ፣ አመድ በዝቶበት ይሆን?

የቡራዩ ጓሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡራዩ ግቢያችን ውስጥ ስምንት የወይን ሐረግ አለኝ፣ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አፈሩ ቀይ ነው። "የዚህ አካባቢ አፈር ኮምጣጣ ነው፣ አመድ ይወዳል" ሲሉኝ እናቴ እንጀራ በጋገረች ቁጥር የምድጃውን አመድ ከግንዱ ሥር መድፋት ጀመርኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ። መጀመሪያ ላይ በጣም ተሻለው። ዘንድሮ ግን አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ነው፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ነው። ስቆፍር አንድም የምድር ትል የለም፣ ድሮ በአንድ አካፋ ሦስት አራት ይወጣ ነበር። አምና የረገፈው ቅጠል እንኳ ሳይበሰብስ እዚያው ተኝቷል። ክረምት ላይ ሻጋታ ስለሚይዘው ሰማያዊውን የመዳብ መድኃኒትም ደጋግሜ እረጫለሁ። ምን ልጨምርበት? ዩሪያ ይሻለዋል?

አፈር ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ እባክህ ለጊዜው ምንም አትጨምር። ዩሪያውንም ተወው።

አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ብረት ጠፍቶ አይደለም፣ አፈርህን ቀይ ያደረገው ራሱ ብረት ነው። ግን አመዱ ፒኤቹን (የኮምጣጣነቱን መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ከ7 በላይ ሲያወጣው ብረቱ ይታሰርና ሥሩ ሊስበው ያቅተዋል። የነገሩህ ሰዎች አልተሳሳቱም። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፣ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት (ተክሉ ወደሚመገበው የናይትሮጅን ዓይነት) የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም ሥራቸው ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት አመድ ጠቅሞሃል፣ የጎዳህ አለማቆምህ ነው። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲለወጥ አሲዱ የሚለወጠው በ10 እጥፍ ነው። ለባክቴሪያ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለትሉ መጥፋት ግን ከአመዱ ይልቅ መዳቡን እጠረጥራለሁ። መዳብ አይበሰብስም፣ አይተንም። ዝናብ ከቅጠሉ ላይ ሲያጥበው ከላይኛው አፈር ላይ ይከማቻል፣ ትሉም ቅጠል የሚያበሰብሰው ፈንገስም የሚኖረው ደግሞ እዚያው ነው። ፈረንሳዮች ከ1880ዎቹ ጀምሮ መዳብና ኖራ ደባልቀው ወይናቸው ላይ ሲረጩ ኖረዋል፣ መዳቡ እስከ ዛሬ አፈራቸው ውስጥ አለ። አሁን የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ በላይ አይፈቅድም። አንድ ነገር ልለምንህ፦ ፒኤቹን ላውርድ ብለህ ድኝ እንዳትነሰንስበት። አፈሩ ሲኮመጥጥ የመዳቡ መርዝነት ይብሳል።

የዱከም መረሬ፦
እኔ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። አፈሬ መረሬ ነው፣ አሲድ የለበትም፣ የገደለኝ ውሃው ነው። ነሐሴ ላይ ስቆፍር የበሰበሰ እንቁላል ይሸተኝ ነበር። አየር ሲያጡ ባክቴሪያዎቹ ከናይትሬቱ ላይ ኦክስጅኑን ይወስዱና ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፣ ያ ሲያልቅ ድኝ ወዳለበት ሰልፌት ይዞራሉ፣ ሽታው የሚመጣው ያኔ ነው። ማዳበሪያዬን በየዓመቱ ለሰማይ ስሰጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው! መደቡን እስከ ጉልበቴ ከፍ አድርጌ ቦይ ካወጣሁለት ወዲህ ሽታው ጠፍቷል።

የሰበታ እናት፦
ልጄ፣ እኔ ዳፕ (ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ) ካቆምኩ ቆየሁ። ፎስፈረስ ሲትረፈረፍለት ሥሩ ከፈንገሱ ጋር ያለውን ጉድኝት ይተዋል፣ ያ ነጭ ክር የሚመስለው ፈንገስ ደግሞ ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ የሚያመጣለት እሱ ነው። በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግ ብቻ ነው የምሰጠው።
አፈርህ በሕይወት መኖሩን ማየት ከፈለግህ አቡጀዲ ቅበር። መዳፍ የምታህል ነጭ ቁራጭ፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት። በሁለት ወር ካልተበላ እዚያ ውስጥ የሚሠራ የለም ማለት ነው።

አፈር ወዳጅ፦
እማማ የነገሩህን አድርግ። አፈሩ ኮምጣጣ መሆን አለመሆኑን ቤትህ የምትፈትንበትንም ልጨምር። የጥቁር ወይን ልጣጭ ሥጋውን በደንብ አጥበህ ቀቅለው። አፈሩን በባትሪ ውሃ በጥብጥ (አሲዱን እንዳትገዛ፣ ንጹሑን ውሃ)፣ አሳድረው፣ ከላይ የጠለለው ላይ የልጣጩን ቀለም ጠብ አድርግ። ከቀላ ኮምጣጣ ነው፣ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ከሄደ አመዱ በዝቷል። ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጥህ ግን ላቦራቶሪ ነው።

የቡራዩ ጓሮ፦
ሞከርኩት። ከአጥሩ ጥግ የወሰድኩት፣ አመድ ያልነካው፣ ሐምራዊ ሆኖ ወደ ቀይ ያደላል። ከግንዱ ሥር ያለው ብርጭቆ ውስጥ አረንጓዴ ሆነ! በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አራት እርምጃ ነው። እናቴም አይታ ደነገጠች፣ አመዱ ከዛሬ ጀምሮ ለጎመኑ መደብ ሆኗል፣ እሱም በጭልፋ ተለክቶ። አቡጀዲውን ሁለት ቦታ ቀብሬያለሁ፣ አንዱን ከግንዱ ሥር፣ አንዱን ከአጥሩ ጥግ። ሳወጣቸው ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።