ከኮሌጅ ጋር የሚዘልቅ አጋርነት እንዴት ይመሠረታል?

ጥያቄ፦ ለታዳጊዎች የማጠናከሪያ ትምህርት የምንሰጥ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነን። የኮሌጅ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ እንዲያስጠኑልን ከአንድ ኮሌጅ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ብንፈራረምም ነገሩ ከወረቀት አላለፈም። ከማን ጋር መነጋገር ይበጃል?

መልስ 1፦ ከኮሌጁ ፕሬዚዳንት ፊርማ ይልቅ ከሥራችሁ ጋር የሚዛመድ ኮርስ የሚሰጠውን መምህር ማግኘት ይቀድማል፤ የማስጠናት አገልግሎቱ በኮርሱ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ነጥብ ካልተያዘበት፣ ፈተና ሲደርስ የኮሌጁ ተማሪዎች መቅረታቸው አይቀርም። ዕቅዱ የሚዘጋጀው ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ ጥያቄያችሁን ቀደም ብላችሁ አቅርቡ።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም መምህሩ ሲለቅ ሥራው አብሮት እንዳይሄድ፣ ተጠሪው በሰነዱ ላይ በስም ብቻ ሳይሆን በሥራ መደቡ ይጠቀስ። የታዳጊዎቹ ደኅንነት ክትትል የማን እንደሆነም በግልጽ ይጻፍ፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

መልስ 3፦ «በጎ ፈቃደኞች ላኩልን» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞ ከሰዓት ሒሳብ የሚያስረዱ 4 ተማሪዎች እንፈልጋለን» ብትሉ መምህሩ ለመወሰን ይቀለዋል።