ሊፒድ ፖሊመር ካልሆነ ከነፕሮቲን ጋር ምን ይሠራል?

ባዮ_ያስጨነቃት
ሰላም ጓዶች፣ ባዮሎጂ የምትችሉ እስቲ አንዴ። መምህራችን ማክሮሞለኪውሎች አራት ናቸው፣ ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ሊፒድና ኑክሊክ አሲድ ብሎ አስጻፈን። ማክሮሞለኪውል (ትልቅ ሞለኪውል) ማለት ደግሞ ከሞኖመሮች፣ ማለትም ከትናንሽ አሃዶች፣ የተቀጣጠለ ረጅም ሰንሰለት፣ ፖሊመር ነው አለን። ሊፒድ ጋ ስንደርስ ግን ሞኖመር የሚባል የለም። ታዲያ ምን ሊሠራ እዚያ ገባ? ስጠይቅ «ዝም ብለሽ ያዢው» ተባልኩ።

ላብ_ኮት
ልክ ነሽ እህቴ፣ ፖሊመር አይደለም። ትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም ዘይቱም ቅቤውም፣ አንድ ግሊሰሮልና ሦስት ፋቲ አሲድ ነው፣ አለቀ። ክብደቱ 900 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ቢሆን ነው፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ ግን 64,000 ያልፋል። አብሮ የሚቆጠረው ያለ እሱ ሴል ስለሌለ ነው። ፎስፎሊፒዶች የሚባሉት ሊፒዶች ውሃ ሲያገኙ ውሃ የሚሸሸውን ጭራቸውን ወደ ውስጥ ደብቀው በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ፣ የሴል ሜምብሬን (የሴሉ ሽፋን) የሚባለው እሱ ነው።

የገበሬ_ልጅ
እኔ የምለው፣ ካርቦሃይድሬት ላይ ስሙን ትታችሁ የሞኖመሮቹን አያያዝ እዩ። የጤፍ ፍሬው ውስጥ ያለው ስታርችም፣ ጭዱ ውስጥ ያለው ሴሉሎስም ግሉኮስ በግሉኮስ ናቸው። ልዩነቱ ግሉኮሶቹን የሚያያይዘው ቦንድ ላይ ነው፣ የስታርች አልፋ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የሴሉሎስ ደግሞ ቤታ የሚባለው። የኛ ኢንዛይም አልፋውን ይቆራርጠዋል፣ ቤታውን ግን ንክች አያደርገውም፣ ለዚህ ነው እንጀራው ለኛ ጭዱ ለበሬው የሆነው። በሬውም ቢሆን ራሱ አይደለም የሚፈጨው፣ ሆዱ ውስጥ ያሉት ማይክሮቦች ናቸው።

ኤ_ቲ_ጂ_ሲ
ፕሮቲን ላይ ደግሞ ጉዱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቤታ የሚባለው የሄሞግሎቢን ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ሞኖመር) አለው። 6ኛው ቦታ ላይ በግሉታሚክ አሲድ ፋንታ ቫሊን ከገባ፣ ኦክስጅን ሲያንስ ሄሞግሎቢኖቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ክብ የነበረው ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ ይቆለመማል። ከእናትም ከአባትም የወረሰው ሰው ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ ይይዘዋል። መነሻው ዲኤንኤ ላይ አንዲት ፊደል ናት፣ ኤ መሆን ሲገባት ቲ የሆነች። ኑክሊክ አሲድና ፕሮቲንን ለየብቻ የሚያስተምሩት ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ አንዱ የሌላው ትእዛዝ ነው እኮ።

ባዮ_ያስጨነቃት
ተባረኩ፣ አሁን ገባኝ። ግን ኮሌስትሮል ውስጥ ፋቲ አሲድ የለም አይደል? እሱስ ለምን ሊፒድ ተባለ?

ላብ_ኮት
ሊፒድ የሚያስብለው ውሃ ውስጥ አለመሟሟቱ ነው እንጂ ቅርጹ አይደለም። ኮሌስትሮልማ የተያያዙ አራት ቀለበቶች ነው፣ ከትራይግሊሰራይድ ጋ በመልክ አይገናኙም። ቴስቶስትሮንና ኢስትሮጅንም የሚሠሩት ከሱ ነው።