የቤዝቦል ተጫዋቹ ኢቺሮ ሱዙኪ ይህን ያህል የተወደደው ለምንድን ነው?

የሲያትል እንግዳ፦
እዚህ ሲያትል ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ የኢቺሮን ስም ሲያነሡ ፊታቸው ይበራል። ኳሷን ከአጥር በላይ የሚሰዱ ጉልበተኛ መቺዎች ሞልተው ሳለ ለምን እርሱ? የጃፓን ዘመኑን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የኮቤ ወዳጅ፦
ወዳጄ፣ ከጃፓኗ ከተማ ከኮቤ መጀመር አለብዎት። ለከተማዋ ቡድን ለኦሪክስ ብሉዌቭ ሲጫወት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በ130 ጨዋታዎች 210 ስኬታማ ምቶች (መቺው ኳሷን መትቶ፣ ሮጦ ቤዝ የሚባለው ማረፊያ ላይ በሰላም የሚደርስባቸው) አስመዘገበ፤ በጃፓን ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን 200 የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። በጥር 1995 ኮቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። ቡድኑ «እንበርታ ኮቤ» የሚል ጽሑፍ እጅጌው ላይ ለጥፎ ተጫወተና በዚያው ዓመት ከጃፓን ሁለት ሊጎች አንዱን፣ የፓስፊክ ሊግን፣ በ1996 ደግሞ የጃፓንን ሻምፒዮና አነሣ። ቤቱ የፈረሰበት ሕዝብ ይህን አይረሳም። እኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ቁጥር 51፦
የአሜሪካው ዘመኑም አይናቅ! በ2001 ወደ ሲያትል ማሪነርስ መጥቶ በዚያው በአንድ ዓመት የምርጥ ጀማሪነትንም የኮከብ ተጫዋችነትንም ሽልማት ወሰደ። ኃይሉ የእግሩ ፍጥነት ነበር፤ የመታት ኳስ መሬት ለመሬት ስትንከባለል እርሱ አንደኛው ቤዝ ላይ ቀድሞ ይገኛል። በ2004 በ262 ምቶች ከ1920 ጀምሮ የቆየውን የአሜሪካዊውን ተጫዋች የጆርጅ ሲስለርን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን፣ 257 ምቶችን፣ አለፈ።

የኮቤ ወዳጅ፦
በመጋቢት 2019 በቶኪዮ ዶም ሲሰናበት ተመልካቹ ጨዋታው ካለቀ በኋላም አልሄድም ብሎ እንደገና ወደ ሜዳ አስወጥቶታል። በ2025 ታላላቅ ተጫዋቾች ለሚከበሩበት ለአሜሪካው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ሲመረጥ ግን ሙሉ ድምፅ ለማግኘት አንድ ድምፅ ጎደለው። ያቺ አንድ ድምፅ አሁንም ታናድደኛለች።